የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን የሚነጥቀው ማን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ወይስ የፀሐይ ነፋስ?

በሥነ ፈለክ ክፍላችን ሰሞኑን አንድ ክር ተከፍቶ ነበር። 24 ምላሽ ደርሶ ቆሟል። መሃሉ ላይ ጭቅጭቅ ስላለበት ብዙ ሰው አቋርጦ እንደወጣ አውቃለሁ። የሚያሳዝነው ጥሩ ጥሩው ነገር የመጣው ከጭቅጭቁ በኋላ ነው። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። ተናጋሪዎቹን በምላሽ ቁጥራቸው እጠራለሁ፤ የራሴን ሐሳብም በየመሃሉ እጨምራለሁ።

ጠያቂው ነገሩን የጀመረው እንዲህ ነው። ፀሐይ የምትጓዘው በባዶ ቦታ አይደለም። በከዋክብት መካከል በጣም ስስ ጋዝ አለ። አብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሂሊየም ይመጣል። ፀሐይ ይህን ጋዝ በሰከንድ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሰነጠቀች ታልፋለች። ከጋዙ ውስጥ ገለልተኛ የሆኑት አተሞች ቻርጅ ስለሌላቸው መግኔታዊ መስክ አያግዳቸውም፤ ሰተት ብለው ወደ ፕላኔቶቹ ሰፈር ይገባሉ። ሃይድሮጅኑ ግን እስከ ምድር አይዘልቅም፤ አብዛኛው መንገድ ላይ ኤሌክትሮኑን አጥቶ አዮን ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ማን ነው? የጠያቂው መልስ አጭር ነበር፤ ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ኤሌክትሮኑን ፈንቅሎ ያወጣል፤ የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚፈሰው ቻርጅ ያለው ቅንጣት፣ ደግሞ የተረፈውን ጠርጎ ይወስዳል እንጂ በራሱ አዮን የማድረግ ድርሻ የለውም አለ። ይህ በየትኛውም ኮከብ ዙሪያ እንደሚሠራም ጨመረበት። አጻጻፉ ትሁት ነበር፤ የተሳሳተ ካለ እንዲታረምም ጠይቋል።

1ኛው ምላሽ ከምስጋና ጋር መሠረቱን አስቀመጠ። የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ስለዚህ የብርሃኑ ሞገድ ከ91.2 ናኖሜትር ማጠር አለበት። ከዚያ የረዘመ ብርሃን የቱንም ያህል ቢደምቅ በዚህ መንገድ አንድም ኤሌክትሮን አያላቅቅም። ለሂሊየም 24.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይፈለጋል፤ ሞገዱም ከ50.4 ናኖሜትር ያጠረ መሆን አለበት። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፤ ኋላ ላይ ወሳኝ ይሆናሉ።

2ኛው ለጠያቂው ድጋፍ ይዞ መጣ። ስትሮምግሬን የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት በ1939 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያሳየውን አነሳ። በጣም ትኩስ የሆነ ኮከብ በዙሪያው ያለውን ሃይድሮጅን እስከ አንድ ወሰን ድረስ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አዮን ያደርገዋል፤ ከወሰኑ ውጭ ደግሞ ጋዙ ገለልተኛ ሆኖ ይቀራል። ወሰኑም ስለታም ነው። ምሳሌው የኦሪዮን ኔቡላ ሲሆን ከእኛ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። እዚያ ጋዙን የሚያበሩት መሃሉ ላይ ያሉት ጥቂት ወጣት ከዋክብት ናቸው፤ የአንደኛው ድርሻ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። የተላቀቁት ኤሌክትሮኖች ተመልሰው ሲያያዙ በፎቶ ላይ የምናየው ቀይ ቀለም ይወጣል። እዚህ ድረስ ሁሉም ትክክል ነው።

3ኛው ምላሽ ላይ ድምፁ ትንሽ ጠንከር አለ። ፀሐይ የኦሪዮን ኮከብ አይደለችም አለ። የዚያ ኮከብ ገጽ ሙቀት ወደ 40,000 ኬልቪን ይጠጋል፤ የፀሐይ 5,800 ገደማ ነው። ከፀሐይ የሚታየው ገጽ ከ91.2 ናኖሜትር ያጠረ ብርሃን አይወጣም ማለት ይቻላል። የሚወጣው ከላይ ካለው ትኩስና ስስ ከባቢ፣ ከኮሮናውና ከሥሩ ካለው ክፍል ነው። መጠኑም ከጠቅላላው ብርሃኗ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ለአንዱ ኮከብ የሚሠራውን ለሌላው መገልበጥ ስንፍና ነው ብሎ ጨረሰ። የመጨረሻዋ ቃል ባትኖር ይሻል ነበር። ክርክሩን ያሞቀችው እሷ ነች።

4ኛው ዝም ብሎ ሒሳብ ሠራ፤ እኔ በጣም ወደድኩት። በአካባቢያችን ባለው ጋዝ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.2 ገደማ ገለልተኛ የሃይድሮጅን አተም አለ። ከ91.2 ናኖሜትር ትንሽ ያጠረ ፎቶን በዚህ ውስጥ ከአንድ አተም ጋር እስኪጋጭ አንድ የብርሃን ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ርቀት ይጓዛል። የፀሐይ ነፋስ የተቆጣጠረው ክልል፣ ሄሊዮስፌር የምንለው፣ በፊት ለፊቱ በኩል የምድርና የፀሐይን ርቀት 120 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ከአንድ የብርሃን ዓመት 500ኛ እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ፎቶኖቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ምንም ሳይነኩ ያልፋሉ። ኦሪዮን ላይ ያለው ስለታም ወሰን እዚህ የሌለው ለዚህ ነው። እዚህ ጋዙ ቆሞ የሚጠብቅ ሳይሆን እየፈሰሰ የሚገባ ነው። ጥያቄውም ይቀየራል፤ አንድ አተም ወደ ፀሐይ እየቀረበ ሲመጣ አዮን ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

5ኛዋ ምላሽ ሰጪ ያልተጠራውን ጠራችው፤ የቻርጅ ልውውጥ። የፀሐይ ነፋስ አብዛኛው ራቁት ፕሮቶን ነው። ያለ ጋቢ የሚሮጥ ሰው ጋቢ ለብሶ ቀስ ብሎ የሚሄደውን አልፎ ሲሄድ ጋቢውን ነጥቆ ሩጫውን ሳይቀንስ እንደሚቀጥል ቁጠሩት አለች። በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር የሚከንፈው ፕሮቶን ኤሌክትሮኑን ይወስድና ፈጣን ገለልተኛ አተም ይሆናል። ከከዋክብት መሃል የመጣው ዘገምተኛ አተም ደግሞ አዮን ሆኖ ይቀራል። ፎቶን አላስፈለገም።

6ኛው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ። አንደኛ፣ በምድር ርቀት ላይ አዮን ማድረግ የሚችሉት ፎቶኖች ከነፋሱ ፕሮቶኖች በመቶ እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ፤ ታዲያ ጥቂቱ ብዙውን እንዴት ያሸንፋል? ሁለተኛ፣ ልውውጡ አዮን መፍጠር አይባልም። በፊት አንድ ፕሮቶን ነበር፣ በኋላም አንድ ፕሮቶን አለ፤ ቆጠራው አልተለወጠም። ሁለተኛውን ነጥብ በቀላሉ መጣል አይቻልም። ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ነውና መጠየቁ ተገቢ ነበር።

7ኛው ግን በንቀት መለሰ። ጠያቂው መጽሐፍ ሳይገልጥ እንደሚከራከር ከመናገር በቀር ስለ ጋዙ አንድም ነገር አላለም። 8ኛዋ በዕድሜ ገፋ ያለች ትመስላለች፤ ሁለቱንም ልጆቼ ብላ ጠርታ፣ የጠየቀን ሰው ማሳፈር ነውር መሆኑን አስታወሰች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአማርኛ የሚጠየቅበት ቦታ ስንት አለን?

9ኛው የመጀመሪያውን ጥያቄ በቁጥር መለሰ። ፎቶኖቹ መብዛታቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንድ የሃይድሮጅን አተም ለፕሮቶን የሚሆነው ዒላማ ለፎቶን ከሚሆነው በብዙ መቶ እጥፍ ይሰፋል። ምክንያቱም ልውውጡ የኃይል ክፍያ አይጠይቅም። ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ሃይድሮጅን ወደ ሌላው ሃይድሮጅን ነው የሚዛወረው፤ መነሻውም መድረሻውም አንድ ዓይነት ነው። ውጤቱ ይኸው። በምድር ርቀት ላይ አንድ አተም በአንድ ሰከንድ ውስጥ በልውውጥ አዮን የመሆን ዕድሉ ከ10 ሚሊዮን 5 ገደማ ነው። በብርሃን ከ10 ሚሊዮን 1 ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ አተሙ በአማካይ 20 ቀን ገደማ ይቆያል። በሰከንድ 26 ኪሎ ሜትር የምድርንና የፀሐይን ርቀት ለመጨረስ ግን ሁለት ወር አለፍ ይላል። ለዚህ ነው አብዛኛው ሃይድሮጅን ከጁፒተር ምህዋር ትንሽ ወደ ውስጥ እንደገባ የሚያልቀው። ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ የሚላቀቅበት ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሆኖም ለፀሐይ በጣም ካልተቀረበ ድርሻው ትንሽ ነው።

10ኛው ምላሽ የኔ ነው። የጠያቂውን ሁለተኛ ነጥብ ያዝኩ። የፕሮቶኖቹ ቁጥር እኩል መሆኑን ተቀበልኩ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ተመልከቱ አልኩ። ነፋሱ መግኔታዊ መስክ ተሸክሞ ነው የሚነፍሰው። አተሙ አዮን እንደሆነ መስኩ ወዲያው ይይዘዋል። በመስኩ ዙሪያ እየተሽከረከረ ከነፋሱ ጋር ይወሰዳል፤ ፍጥነቱም ከዜሮ እስከ ነፋሱ ሁለት እጥፍ ይዋዥቃል። ሁለት እጥፍ ፍጥነት ማለት አራት እጥፍ ኃይል ነው። ይህን ኃይል የሚከፍለው ነፋሱ ነው። ክፍያው ደግሞ ተለክቷል። ኒው ሆራይዘንስ የተባለው መንኮራኩር የምድርና የፀሐይን ርቀት ከ30 እስከ 43 እጥፍ ባለው ክልል ሲያልፍ፣ የፀሐይ ነፋስ እኛ ጋ ከሚነፍሰው ከ5 እስከ 7 በመቶ ቀርፎ አግኝቶታል። ቮያጀር 2 የተባለው መንኮራኩርም በነሐሴ 2007 ነፋሱ በድንገት የሚገታበትን ግድግዳ ሲሻገር፣ የነፋሱ ተራ ፕሮቶኖች ከተጠበቀው በታች ነበር የሞቁት። አብዛኛው ኃይል የሄደው እንዲህ በመስኩ ጠለፋ ወደተያዙት አዮኖች ነው። ስለዚህ ቆጠራው ባይለወጥም ነፋሱ ራሱ ሌላ ነገር ሆኗል። ጠያቂው ለዚህ ልብ ምልክት ብቻ ሰጥቶ ዝም አለ።

11ኛዋ ለጠያቂው ተገቢውን ሰጠችው፤ በሂሊየም በኩል ትክክል ነህ አለችው። ፕሮቶን ከሂሊየም ኤሌክትሮን ቢነጥቅ 24.6 ከፍሎ 13.6 ነው የሚያገኘው፤ ልውውጡ አያዋጣም። ስለዚህ ሂሊየምን አዮን የሚያደርገው በዋናነት ብርሃን ነው። የብርሃኑ ዕድል እዚያም ከ10 ሚሊዮን 1 ገደማ ስለሆነ ሂሊየም በምድር ርቀት ወደ አራት ወር ሊቆይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ከምድር ምህዋር አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። የፀሐይ ስበት ጉዞውን ይጠመዝዘውና ከጀርባዋ ይሰበስበዋል። ምድር በዚያ ክምችት ውስጥ በየዓመቱ ታልፋለች፤ በእኛ አቆጣጠር ህዳር መጨረሻ፣ 26 አካባቢ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በየዓመቱ የታኅሣሥ ዋዜማ ላይ ከከዋክብት መሃል የመጣ ጋዝ በአጠገባችን ሰብሰብ ብሎ ይጠብቀናል ማለት ነው።

12ኛው ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። በ1984 የተወነጨፈ ጀርመን ሠራሽ ሳተላይት በዚያ ወቅት አንድ ኤሌክትሮን ያጣ ሂሊየም እስከ ነፋሱ ሁለት እጥፍ ፍጥነት ሲጓዝ አግኝቷል፤ ግኝቱ በ1985 ታትሟል። የሃይድሮጅኑ ዘግይቶ የተገኘው በዩሊሲስ መንኮራኩር ነው። ሃይድሮጅን ከፀሐይ ጀርባ እንደ ሂሊየም ለምን አይሰበሰብም ለሚልም መልስ ነበረው። በ121.6 ናኖሜትር የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ሃይድሮጅንን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ከስበቷ ጋር በግምት ይመጣጠናል።

13ኛው ቁጥር በዛብን ብሎ አማረረ። ከዚያ ወሬው ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ሄደ። 14ኛው ይህ ሃይድሮጅን የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ይታይ እንደሆነ ጠየቀ፤ ቦታው 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ አይደል? 15ኛው አይቻልም አለ። የ121.6 ናኖሜትር ብርሃንን ከባቢ አየራችን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ተራራ መውጣት አይጠቅምም። የኦሪዮን ኔቡላ ግን ከሀገራችን ሰማይ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ በተራ ባይኖኩላር እንኳ እንደ ጭጋግ ሆኖ ይታያል፤ መብራት የሌለበት ገጠር የሄደ ሰው ይሞክረው አለ። 16ኛው ስለ ቮያጀር 1 አነሳ። በነሐሴ 2012 ከሄሊዮስፌር ሲወጣ የፕላዝማ (የአዮንና የነፃ ኤሌክትሮን ድብልቅ) መለኪያው ከብዙ ዓመት በፊት ተበላሽቶ ስለነበር መውጣቱ ወዲያው አልተረጋገጠም። ኋላ በ2013 የፕላዝማው ሞገድ ሲንቀጠቀጥ ተሰማ። ከእሱ ላይ ተሰልቶ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.08 ኤሌክትሮን ተገኘ። ይህም ከውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከርዕሱ የራቀ ቢመስልም አልራቀም፤ ውጭ ያለው ጋዝ ፀሐይ ሳትነካው በፊትም ከፊሉ አዮን እንደነበረ የሚነግረን ይህ ነው። ያ ክፍል በሄሊዮስፌሩ ዙሪያ ተጠማዞ ያልፋል እንጂ አይገባም።

17ኛው እንደገና ጠያቂው ነው፤ አሁን ኮስተር ብሏል። ሒሳቡ ያምራል፣ ግን ብርሃንና ነፋስን የሚለይ ምልከታ አሳዩኝ አለ። የክሩ ምርጥ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። 18ኛዋ በ1995 መጨረሻ የተወነጨፈችው ፀሐይን የምትከታተል መንኮራኩር፣ ሶሆ፣ የተሸከመችውን፣ ሰማዩን በ121.6 ናኖሜትር የሚቃኘውን መሣሪያ ጠቀሰች። የፀሐይ እንቅስቃሴ ዝቅ ባለበት ጊዜ በተሠራው ካርታ ላይ፣ በፀሐይ ወገብ ትይዩ፣ የሃይድሮጅኑ ድምቀት የሚቀንስበት ቦይ የመሰለ ቀበቶ ይታያል። በዚያ ጊዜ ነፋሱ በወገቧ ዙሪያ ዘገምተኛና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በዋልታዎቿ በኩል ፈጣንና ስስ ነው። ሃይድሮጅን የሚያልቀው ጥቅጥቁ ነፋስ ባለበት በኩል ነው።

19ኛው ተቃወመ። አልትራቫዮሌቱም በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም፤ ብርቱ አካባቢዎቿ ከወገቧ ብዙ አይርቁም አለ፤ እውነቱን ነው። 20ኛው ጠንከር አድርጎ መለሰ። የፀሐይ እንቅስቃሴ ከፍ ሲል አልትራቫዮሌቷ ይበረታል፤ ቀበቶው የብርሃን ሥራ ቢሆን ያኔ አይጠፋም ነበር። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ በሁሉም አቅጣጫ ሲመሳሰል ቀበቶውም ይደበዝዛል። ከዚህ በኋላ ስለ ፀሐይ የተከራከረ የለም።

21ኛው ወደ ሌሎች ከዋክብት ወሰደን። ሃብል የአልፋ ሴንታውሪን ብርሃን ሲተነትን፣ በ1996 እንደታተመው፣ ከጠበቁት በላይ ሃይድሮጅን ብርሃኑን ሲውጥ ተገኘ። ይህ የሞቀና የተከማቸ ሃይድሮጅን ነው። ወደ እኛ ቅርብ በሆነው በኩል ገለልተኛው ጋዝ ሄሊዮስፌሩን ተጠማዞ ከሚያልፈው ፕላዝማ ጋር ቻርጅ እየተለዋወጠ ይዘገያል፤ በዚያኛው ኮከብ ዙሪያም እንዲሁ። በዚህ ዘዴ ነው እንደ ፀሐይ ያሉ ከዋክብት ስንት ነፋስ እንደሚያወጡ የሚገመተው፤ ነፋሳቸውን በቀጥታ ማየት ከባድ ነውና። 22ኛው ጠያቂውንም 3ኛውንም አስታረቀ። በትኩስ ከዋክብት ዘንድ ነፋሱ በሰከንድ እስከ 2,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይነፍሳል። ሆኖም ብርሃናቸው ቀድሞ ሩቅ ድረስ ያለውን ጋዝ ስለጨረሰው ነፋሱ የሚያገኘው ገለልተኛ አተም የለም ማለት ይቻላል። ጠያቂው የተሳሳተው ሁሉንም ኮከብ በአንድ ሕግ በመጠቅለሉ ብቻ ነው አለ። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። የኮከቡ ሙቀት፣ የጋዙ ዓይነትና ርቀቱ ሳይጠየቅ ብርሃን ወይም ነፋስ ብሎ መፍረድ አይቻልም።

23ኛው ስለ ኮስሚክ ጨረር፣ በጠፈር በከፍተኛ ኃይል ስለሚከንፉ ቅንጣቶች፣ ጨመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሂሊየም፣ ናይትሮጅንና ኦክስጅን የበዛበት እንግዳ ጨረር ታይቶ ነበር። ፊስክ፣ ኮዝሎቭስኪና ራማቲ በ1974 መነሻው ይኸው ገለልተኛ ጋዝ ነው አሉ። ገብቶ አዮን ይሆናል፣ ነፋሱ ወደ ውጭ ይወስደዋል፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ኃይል አግኝቶ ጨረር ሆኖ ይመለሳል። በጠለፋ የተያዙትን አዮኖች ማንም በመሣሪያ ከማየቱ አስር ዓመት በፊት መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል።

24ኛው ጠያቂው ሲሆን አዲስ ጥያቄ አስከትሏል። በመስከረም 2025 የተወነጨፈው አይማፕ የተባለው መንኮራኩር የሚገቡትን ገለልተኛ አተሞች፣ ነፋሱንና የሃይድሮጅኑን ድምቀት በአንድ ላይ ይለካል። ታዲያ የልውውጡና የብርሃኑ ድርሻ በአንድ ሙሉ የፀሐይ ዑደት ውስጥ እንዴት እንደሚፈራረቅ ከአንዲት መንኮራኩር ብቻ መለየት ይቻል ይሆን ብሎ ጠየቀ። እስካሁን አልተመለሰለትም። የሚያውቅ ካለ እዚያው ሄዶ ይመልስለት፤ ክሩ አልተዘጋም።